የጠፋችው የናስ ፍሬ፦ ሞተር ከተቀየረ በኋላ ቱርቦው ለምን አቅም አጣ?

ሞተሩ ቅዳሜ ማታ ተነሣ። በመጀመሪያው ቁልፍ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ኳኳታ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ከመኪናዋ ሥር ተጋድመን ለቆየነው ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር፤ ጋሼም ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እሑድ ጠዋት ግን ባለቤቷ ደወለልኝ። «ሞተሩ ይሠራል፤ መኪናዋ ግን አትሄድም» አለ።

ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቼሪ ጎዳና ዳገቱ ላይ ጋዝ ሲረግጥ እንደ ድሮው ወደ ወንበሩ አትገፋውም፤ የግፊት መለኪያዋም 8 ላይ ደርሳ ትቆማለች። ድሮ 13ን ታልፍ ነበር። ማታውኑ አንድ ጓደኛው «ቱርቦው ሞቷል» ብሎት፣ እሱም 800 ዶላር የሚጠጋ ሌላ ቱርቦ ሲያፈላልግ አድሯል። 800 ዶላር የለውም። የነበረው ሁሉ ሞተሩ ላይ አልቋል፤ ሌሊት የሚሠራው ሥራ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ስለሆነ ያለ መኪና አይሆንም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ችግር እንዴት እንዳገኘነው ነው። ግማሹ የሜካኒክ ጉዳይ ነው፣ ግማሹ የሶፍትዌር። መኪና የማይነዳ አንባቢ ቢኖር እንኳ ስለ ሲሪያል ግንኙነትና በአማርኛ ዳታ ስለ ማስቀመጥ የሚያገኘው ነገር አይጠፋም።

ሴንትራል ዲስትሪክትን ለማታውቁ፣ ከሲያትል መሀል ከተማ በስተምሥራቅ ያለ ዳገታማ ሰፈር ነው። ለረጅም ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ሆኖ ኖሯል፤ ጂሚ ሄንድሪክስና ኩዊንሲ ጆንስ የተማሩበት ጋርፊልድ ትምህርት ቤት እዚሁ 23ኛው ጎዳና ላይ ነው። ሐበሻውም መጥቶ ቼሪ፣ ጄፈርሰንና ጃክሰን ላይ ምግብ ቤቱንና ሱቁን ከፈተ። ዛሬ ኪራዩ ብዙውን ሰው ወደ ደቡብ ቢገፋውም፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ አሁንም ኮፈን ተከፍቶ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ ሰው ዝናብ ውስጥ ሲሠራ ታያላችሁ። ጋሼም የዚያ ሰፈር ሰው ናቸው። አዲስ አበባ እያሉ መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሜካኒክ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ዓመታቸውን በታክሲ ጨረሱ። ላፕቶፕ አይወዱም። ጆሯቸው ግን ከብዙ ሴንሰር ይበልጣል።

መኪናዋ የ2004 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ናት። 2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቦክሰር፤ ማለትም ፒስተኖቹ ቆመው ሳይሆን ግራና ቀኝ ተጋድመው የሚመላለሱበት ሞተር። የድሮው ሞተር ዘይት ጎድሎበት ተነክሶ ሞተ። የገዛነው ከጃፓን የመጣ ያንኑ ዓይነት ያገለገለ ሞተር ነው፤ ጃፓን ውስጥ ሻኬን የሚሉት የቴክኒክ ምርመራ ውድ በመሆኑ፣ ብዙ ያልተነዱ ሞተሮች ወደ ውጭ ይሸጣሉ። ችግሩ፣ የጃፓኑና የአሜሪካው ሞተር መንትያ ቢመስሉም መንትያ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ይለያያሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ የአሜሪካው ኮምፒውተር የማያውቀው የካም ማስተካከያ አለ። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ የድሮውን ኢንቴክ ማኒፎልድ ከነሽቦው ፈትተን አዲሱ ሞተር ላይ ገጠምነው። ቀጫጭኖቹ የጎማ ቱቦዎች ግን ደርቀው ተሰነጣጥቀው ስለነበር አወጣናቸውና በሜትር የሚሸጥ አዲስ ሲሊኮን ቱቦ ቆርጠን አስገባን። ይህን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉት።

አሁን ትንሽ ስለ ግፊት። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ፋን ናቸው። አንዱን የጭስ ግፊት ያዞረዋል፣ ሌላው አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዳሽቦርድ ላይ «ቡስት 13» ሲል ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ 13 ፒኤስአይ ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በጠቅላላ ግፊት ነው፤ ከባዶ ጀምሮ የሚቆጠር። ሲያትል ባሕር ጠርዝ ላይ ስላለች የአካባቢው አየር ብቻውን 14.6 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ማለትም 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው ያላት። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሩብ ገደማ አቅሙን የሚያጣው በዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ደግሞ እዚያ ሞተሩ ውስጥ እዚህ የሚያስገባውን ያህል አየር ለማስገባት የበለጠ መልፋት አለበት፤ እዚህ ግፊቱን በ1.95 የሚያበዛ ቱርቦ እዚያ በ2.6 ማብዛት ይጠበቅበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ «የኔ 9 ብቻ ነው የሚያሳየው» ቢላችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠቅላላውን ግፊት ጠይቁት።

ቱርቦውን የሚገታው ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር ነው። ሲከፈት ጭሱ ፋኑን ሳያዞር በጎን ያመልጣል። በሩን የሚይዘው ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ከቱርቦው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ አየር ስፕሪንጉን ሲያሸንፍ በሩ ይከፈታል። በዚህች መኪና ስፕሪንጉ ብቻውን የሚፈቅደው ከ7 እስከ 8 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ታዲያ 13 ከየት ይመጣል? ቱቦው መሀል ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አለ። ከእሱ ወደ ሶሌኖይድ የሚሄድ ሌላ ቱቦ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዱን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ከዚያ አየር የተወሰነውን ወደ ኋላ ያፈስሰዋል። ዌስትጌቱ የሚደርሰው አየር ያንሳል፣ በሩ ይዘገያል፣ ግፊቱ ይወጣል። በቀላሉ፣ ኮምፒውተሩ ዌስትጌቱን ይዋሸዋል ማለት ነው።

መኪናዋ 8 ላይ ቆማለች ማለት እንግዲህ ውሸቱ አልሠራም ማለት ነው። ይህን ያን ዕለት ብናስብ ኖሮ ሁለት ቀን እናተርፍ ነበር። አላሰብንም።

መጀመሪያ ያደረግነው አየር የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ሞተር ከወረደና ከተመለሰ በኋላ በብዛት የሚገኘው ችግር እሱ ነው። የቱርቦውን መግቢያ በፕላስቲክ ክዳን ደፈንን፣ ክዳኑ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ አስገባን፣ በኮምፕሬሰር 12 ፒኤስአይ ነፋን፣ የሳሙና ውኃ ረጨን። ኢንተርኩለሩ ከጋዝ መክፈቻው ጋር የሚገናኝበት ጎማ ላይ አረፋ ወጣ። ማጥበቂያውን አጥብቀን ስንሞክር ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ረጋ ያለ ሆነ፤ ቡስቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ፍሰት ከአየር መለኪያው በኋላ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላመለጠው አየር ጭምር ቤንዚን ይሰጣል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ከቱርቦው በፊት ያለውን የጭስ መንገድ አየን። የ2004ቱ የአሜሪካ ሞዴል ቱርቦው ሥር ባለው ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ካታሊስት አለው፤ እሱ ሲፈራርስ ቁርጥራጩ የቱርቦውን ፋን ይመታል። ጋሼ እጃቸውን አስገብተው ዘንጉን ነቀነቁ፣ አሽከረከሩ፣ ጣታቸውን አወጡና «ይሄ ቱርቦ ከኔ ይሻላል» አሉ። የ800 ዶላሩ ነገር በዚያው ተዘጋ።

ባለቤቷ ግን ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሰኞ ማታ በ40 ዶላር በእጅ የሚዞር የቡስት መቆጣጠሪያ አዝዞ እንደነበር ነገረን። ከኮምፒውተሩ ውጭ ዌስትጌቱን የሚያታልል ትንሽ ቫልቭ ነው። ጋሼ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ስማኝ ልጄ፣ ለምን እንደጎደለው ሳታውቅ ብትሞላው፣ ቀጥሎ የምናወርደው ይሄንኑ ሞተር ነው።» ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ቡስቱን ሆን ብሎ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ መሆኑን ከሰማ፣ ከ0 እስከ 16 የሚቆጠር አንድ የመተማመኛ ቁጥር አለው፣ እሱን ይቀንሳል፤ በጣም ከወረደም የቡስት ቁጥጥሩን ጨርሶ ያቆማል። ያኔ በእጅ ቫልቭ ግፊት መጨመር ማለት «አቁም» የሚል ሰውን አፉን ይዞ መቀጠል ነው። ፒስተኑ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ሆነ፦ ኮምፒውተሩ ቡስት እየጠየቀ አልመጣ ብሎት ነው? ወይስ ራሱ አልጠየቀም? ይህን ጆሮ አይመልሰውም። ሎግ ያስፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኦቢዲ-2 ሶኬት አለው። በርካሽ የሚሸጡት የብሉቱዝ አስማሚዎች አጠቃላዩን ቋንቋ ያወራሉ፤ የሱባሩን የዌስትጌት ትእዛዝ ግን ለማየት የራሷን የሱባሩን ፕሮቶኮል መናገር ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ቀላል መሆኑ ነው። በአንዲት ሽቦ፣ በሴኮንድ 4,800 ቢት፣ መልእክቱ የቁጥሮች ሰልፍ ነው። የማኒፎልዱን ግፊት ለመጠየቅ የምትልኩት፣ በአስርዮሽ ስጽፈው፣ ይህን ይመስላል፦

128፣ 16፣ 240፣ 5፣ 168፣ 0፣ 0፣ 0፣ 13፣ 58

128 መጀመሪያ ነው። 16 ተቀባዩ ኮምፒውተር፣ 240 እኛ። 5 የሚከተለው ዳታ ርዝመት፣ 168 «አድራሻ አንብብልኝ» የሚል ትእዛዝ። ከአንድ 0 በኋላ ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች አድራሻው ናቸው፤ 13 የግፊቱ ቤት ነው። የመጨረሻው 58 ማረጋገጫ ነው፦ የቀደሙትን ሁሉ ደምሩ፣ 570 ይመጣል፣ ለ256 ሲካፈል የሚተርፈው 58። መልሱ እንዲህ መጣ፦

128፣ 240፣ 16፣ 2፣ 232፣ 158፣ 8

ዋጋው 158 ነው። በ37 አባዝታችሁ ለ255 ስታካፍሉ 22.9 ፒኤስአይ ጠቅላላ ግፊት ይሆናል። የአካባቢውን አየር ግፊት ከአድራሻ 35 አነበብን፤ 101 መጣ፣ በዚያው ስሌት 14.65። ልዩነቱ 8.3። የዳሽቦርዱ መለኪያ አልዋሸም ማለት ነው። የሞተር ዙር አድራሻ 14 እና 15 ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን በ256 አባዝቶ ሁለተኛውን ደምሮ ለ4 ማካፈል። የፈለግነው ዋናው የዌስትጌት ትእዛዝ ደግሞ አድራሻ 48 ነው፣ በ100 ተባዝቶ ለ255 ሲካፈል በመቶኛ ይወጣል።

ፓይተን ላይ ስትጽፉት ሁለት ነገር ያሰናክላችኋል። አንደኛ፣ ሽቦዋ አንድ ስለሆነች መጀመሪያ የላካችሁት ራሱ ተመልሶ ይመጣላችኋል፤ እሱን አንብባችሁ ሳትጥሉ መልስ ብትፈልጉ ግራ ትጋባላችሁ። እኔ አንድ ሰዓት አጥቼበታለሁ። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ። 4,800 ቢት ማለት በሴኮንድ 480 ባይት ነው። አምስት አድራሻ መጠየቅ 22 ባይት፣ መልሱ 11፤ ጠቅላላ 33። ስለዚህ ከ14 ንባብ በላይ በሴኮንድ አይገኝም፣ በተግባር 10 ገደማ ነው። ያለውን ሁሉ ልመዝግብ ካላችሁ በሴኮንድ አንድ ሁለት መስመር ይቀራችኋል፣ ቡስቱ የሚወጣበት ቅጽበት መሀላቸው ላይ ያመልጣችኋል። አምስቱ ይበቃሉ። መጻፍ ለማይፈልግ ሮምሬይደር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ ይሠራል፤ የመለኪያዎቹ ስም በኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ስለሆነ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጣችሁ ወደ አማርኛ መቀየር ትችላላችሁ።

እኔ ግን የራሴን የጻፍኩት ለጋሼ ነው። እንግሊዝኛውን የማያነቡ ሆነው አይደለም፤ «የዌስትጌት ትእዛዝ» የሚለውን በፊደላችን ካዩት ወዲያው ይከራከሩኛል፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን «አንተ ታውቃለህ» ብለው ይተዉታል። መከራከራቸውን ነው የምፈልገው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የአማርኛ ርእስ ያለው ሲኤስቪ ፋይል ኤክሴል ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበላሽቶ የሚታየው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የዩቲኤፍ ምልክት ስለሌለ ነው። ፓይተን ላይ ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብትሉት ያልቃል።

ፈተናውን ቼሪ ዳገት ላይ መሞከር ከንቱ ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ በቂ ጫና ሳያገኝ ዙሩ ያልቃል። ከሬኒየር ጎዳና ወደ አይ-90 የሚያስገባውን መውጫ መረጥን። ባለቤቷ ይነዳል፣ እኔ ላፕቶፕ ይዤ፣ ጋሼ ከኋላ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,500 ዙር ጀምሮ እስከ 4,200፣ ጋዙ እስከ ወለሉ፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን ታልፋላችሁ፣ ደግሞም አያስፈልግም። ይህች ቱርቦ 3,500 ላይ ሙሉ መሆን አለባት።

ሎጉን መንገድ ዳር ቆመን አየነው። በ3,500 ዙር ቡስት 8.3። የዌስትጌት ትእዛዝ ግን 89 በመቶ። ኮምፒውተሩ እየጮኸ ነው፤ የሚሰማው የለም። የመተማመኛው ቁጥርም ባትሪው ሲነቀል ግማሽ ላይ ቢጀምርም ወደ 16 ወጥቷል። ሞተሩ ጤነኛ ነው።

ላፕቶፑን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ቁጥሮቹን አንድ ሁለቴ ወደ ላይና ወደ ታች ተመለከቱ። «ሶሌኖይዱ ጫጭ ይላል?» አሉ። ይላል፣ ሰምተነዋል። «እንግዲያው ያፈስሳል። ያፈስሳል ግን አያጎድልም። ከላይ የሚገባው ከሚፈስሰው ይበልጣል ማለት ነው።» ከዚያ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «የድሮው ቱቦ የት ነው?» አሉ።

የድሮዎቹ ቱቦዎች ጋራዡ ጥግ ቆሻሻ መጣያ ቅርጫት ውስጥ ነበሩ። ሐሙስ የቆሻሻ መኪና ይመጣል፤ ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። ጋሼ ከቱርቦው ወደ ባለ ሦስት አፉ የሚሄደውን አጭር ቱቦ አወጡና በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። መሀሉ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለ። በምላጭ ሰነጠቁት። የናስ ፍሬ ናት፣ ከሽምብራ የማትተልቅ፣ መሀሏ ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ።

ሥራዋ ቀላል ነው። ከቱርቦው የሚመጣውን አየር ታጠብበዋለች። እሷ ስትኖር ሶሌኖይዱ የሚያፈስሰው በዚያች ቀዳዳ ከሚገባው ስለሚበልጥ ዌስትጌቱ ጋ ግፊት ይጎድላል። እሷ ከሌለች አየሩ እንደልቡ ይገባል፣ ሶሌኖይዱ 89 ቀርቶ 100 በመቶ ቢከፈት አይቋቋመውም። ፋብሪካው ቱቦው ውስጥ ደብቆ ስላስቀመጣት ከውጭ አትታይም፤ አዲስ ቱቦ በሜትር የሚገዛ ሰው ሁሉ ሳያውቅ ይጥላታል። እኛም ጣልናት። ማንም ላይ ማሳበብ አንችልም፣ ቱቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ ቱቦ ውስጥ ከተናት፣ ከቱርቦው በኩል፣ ከመገጣጠሚያው በፊት። ቦታው ወሳኝ ነው። ከመገጣጠሚያው በኋላ፣ ወደ ዌስትጌቱ በሚሄደው ቱቦ ላይ ብትገባ ዌስትጌቱ ዘግይቶ ነው ምላሽ የሚሰጠው። ቱቦው ጭራሽ ቢወልቅ ደግሞ በሩ ስለማይከፈት ቡስቱ ያለ ልጓም ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እስኪቆርጥ ድረስ። ስለዚህ ጫፎቹን በማጥበቂያ አሰርን።

ማክሰኞ ማታ ያው መውጫ፣ ያው ማርሽ። በ3,500 ዙር የመጣው ጥሬ ቁጥር 194 ነበር፤ 28.15 ጠቅላላ፣ ሲቀነስ 13.5። የዌስትጌት ትእዛዙ ወርዶ 60ዎቹ ውስጥ ተረጋጋ። ጋሼ ከኋላ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ማለት ጀመሩ።

ኢትዮጵያ ላላችሁ ሁለት ቃል። እዚያ በብዛት የምታገኙት ቱርቦ ናፍጣ ነው፤ ለምሳሌ የሃይሉክስ 3 ሊትር ዲፎርዲ። የእሱ ቱርቦ አሠራሩ ይለያል፤ በር ሳይሆን የጭሱን መንገድ የሚያጠብቡ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች አሉት፣ ጥላሸት ሲይዛቸው ደርቀው ይቀራሉ። የናስ ፍሬ አትፈልጉበት። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ኮምፒውተሩ ጠይቆ ነው ወይስ አልጠየቀም? መኪናው ኦቢዲ-2 የሚናገር ከሆነ በርካሹ የብሉቱዝ አስማሚ መለኪያ ቁጥር 11 የማኒፎልዱን ጠቅላላ ግፊት፣ ቁጥር 51 የአካባቢውን አየር ግፊት በቀጥታ በኪሎ ፓስካል ይሰጣችኋል፤ ሁሉም መኪና ግን ሁለቱንም አይደግፍም። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቁልፉ በርቶ ብቻ፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ካልመጣ ሴንሰሩን ጠርጥሩ፣ ቱርቦውን ከመንካታችሁ በፊት። በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ጠግኖ ማቆየት የግድ ስለሆነ፣ ሞተር ማውረድና መቀየር የሚቀንስ አይመስለኝም።

ዋሽንግተን ውስጥ ያላችሁ፣ የግዛቱ የጭስ ምርመራ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቀርቷል፤ ያም ሆኖ ካታሊስቱን አውጥቶ መጣል አሁንም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እኛ ያለውን አልነካነውም።

የ40 ዶላሯ ቫልቭ ረቡዕ በፖስታ ደረሰች፣ ሳትከፈት ተመለሰች። ፕሮግራሙን ለማስተካከል ገና ብዙ ይቀረኛል፤ መስመር ሲቋረጥ ይደናገጣል፣ የሙቀት መለኪያውንም ገና አልጨመርኩም። አድራሻ 8 ነው፣ ከሚመጣው ላይ 40 መቀነስ ብቻ፣ በሴልሺየስ ይወጣል። የሚረዳኝ ካለ መልእክት ይላክልኝ፤ የመለኪያዎቹን የአማርኛ ስም በተመለከተ ግን የመጨረሻው ቃል የጋሼ ነው። «ሶሌኖይድ»ን ማንም እንዲተረጉመው አይፈልጉም።